ተከራካሪዎች የመረጡት ዳኛ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ዳኝነት ከሹም ደጅ ብቻ የሚገኝ ነገር አልነበረም። የተጣሉ ሰዎች መንገደኛን በሕግ አምላክ ብለው አስቁመው እንዲዳኛቸው ይለምኑ ነበር፤ ባለገንዘብና ባለዕዳም የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ጉዳዩ ወደ ሽምግልና ሲመራ ከሳሽም ተከሳሽም የሚያምኗቸውን ሰዎች መርጠው፣ ውሳኔውን እንደሚቀበሉ ዋስ፣ ማለትም ቃላቸውን ቢያጥፉ በፈንታቸው የሚጠየቅ ሰው፣ ይጠሩ ነበር። የሽምግልና ጉልበት የቆመው በእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ በባለጉዳዮቹ ፈቃድና በዋሱ ላይ ስለነበር፣ የኋላው የሕግ ታሪክ በአመዛኙ ሁለቱን በጽሑፍ ሕግ ለመተካት የመሞከር ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮችን በየአጥቢያው በእርቅ የመጨረስ ሥልጣንን ለመንግሥት ዳኛ ሰጠ። የበለጠ ሰፊው ለውጥ የመጣው ግን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ሦስት መንገዶችን ለየ፤ ተከራካሪዎች ራሳቸው ተቻችለው ክርክሩን የሚቋጩበትን ግልግል፣ ሦስተኛ ሰው የሚያቀራርባቸውን እርቅ፣ እንዲሁም የመረጡት ሰው አስገዳጅ ውሳኔ የሚሰጥበትን የዘመድ ዳኝነት። አስታራቂው ያቀረበው ሐሳብ ተከራካሪዎቹ በጽሑፍ ካልተቀበሉት አያስገድዳቸውም፤ በአንቀጽ 3312 መሠረት ግን ግልግል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ኃይል አለው። በዚህ መልኩ የዋሱን ቦታ ፊርማ ያዘ።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ይህን የግልግል ስምምነት ወደ ችሎት አስገባው። ከአንቀጽ 274 እስከ 277 ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ተከራካሪዎች ክሱ ከተጀመረ በኋላ በማንኛውም ጊዜ፣ በጉዳዩ በሙሉ ወይም በከፊል ሊስማሙ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤቱም ስምምነቱ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። ዳኛው እዚህ ላይ የክርክሩን እውነት አይመረምርም፤ የሚጠብቀው የስምምነቱን ድንበር ነው።

ይህ ድንበር ለምን እንደሚያስፈልግ በቤተሰብ ሕግ ጎልቶ ይታያል። የ1952ቱ ሕግ የባልና ሚስትን ፍቺ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺ የመወሰን ሥልጣንን ለፍርድ ቤት አድርጎ ሽማግሌዎችን በማስታረቅ ተግባር ወሰናቸው። አቅማቸው ያልተመጣጠነ ሰዎች ሲቀራረቡ ደካማው የሚሰጠው ይሁንታ ከፍርሃት የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ለውጥ ተገቢ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ሥርዓቱን አደሱት። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የግልግል ዳኝነትን፣ ማለትም በ1952ቱ ሕግ የዘመድ ዳኝነት የተባለውን፣ እና እርቅን በአንድ ሕግ ሰብስቦ፣ ፍቺን፣ የወንጀልና የግብር ጉዳዮችን ከግልግል ዳኝነት ውጭ አደረገ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን፣ ማለትም በችሎት ሥር ሆኖ በአስማሚ አማካይነት የመስማማትን አሠራር አስተዋወቀ። ዋሱ በፊርማ፣ ፊርማውም በፍርድ ቤት ማጽደቂያ ሊተካ ችሏል፤ የተከራካሪዎችን ነፃ ፈቃድ የሚተካ ድንጋጌ ግን የለም፤ ስለዚህ ባለጉዳዮችን ወደ እርቅ የሚመራ ችሎት ከሁሉ አስቀድሞ እያንዳንዳቸው እምቢ ማለት እንደሚችሉ ሊያረጋግጥላቸው ይገባል።