የከፋ ትዝታ የተቀመጠው የት ነው?

ስልካችን ቢጠፋ ፎቶው እንዳይጠፋ ብለን ኮምፒውተር ላይ እንገለብጣለን አይደል? የከፋ መንግሥት ግን ታሪኩን ያኖረው በአብዛኛው በሰው ቃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ ጦር ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ሲማርክ መንግሥቱ አከተመ፤ ከሕዝቡም ብዙው አለቀ። አዋቂ ሲሞት የሚያውቀውም አብሮት ተቀበረ።

ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩልዩስ ቢበር በ1905 እና በ1909 ከፋ ሄዶ ያየውንና የሰማውን መዘገበ። በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳተመው፤ ግን በጀርመንኛ! ቅጂው ተረፈ፣ የቦንጋ ልጅ ግን የአያቶቹን ታሪክ በዚያ መጽሐፍ ለማንበብ ጀርመንኛ መማር አለበት።

እንግዲህ ወገን፣ መገልበጥ ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤቱ ሊከፍተው መቻል አለበት። የዛሬ ስልክ ድምፅ ይቀዳል። አያትህን ቅዳ፣ ስሟንና ቀኑን ጻፍበት፣ ኮምፒውተር ላይ አኑር፣ ለእህት ወንድምም አካፍል።