ባቲ ቅኝት በባንዶች ዘመን

ባቲ ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ትዝታ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ስሙን የወረሰው ከባቲ ከተማ ሲሆን፣ ከተማዋ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ውስጥ ትገኛለች። የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ስትሆን፣ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። በሰኞ ገበያዋ ግመል የሚነዳው አፋር፣ የዙሪያው ኦሮሞና ከደጋ የሚወርደው አማራ ይገናኛሉ።

ኪቦርድ ፊት የተቀመጠ ሰው ከነጮቹ ቁልፎች ሳይወጣ ባቲን መጫወት ይችላል። ከዶ ይነሣል፣ ሬን ይዘላል፣ ሚን፣ ፋንና ሶልን ይነካል፣ ላን ይዘልና በሲ በኩል ላይኛው ዶ ላይ ይደርሳል። ሚና ፋ፣ እንዲሁም ሲና ዶ ጎን ለጎን ሲሆኑ በሌላው በኩል ሰፊ ክፍተት አለ፤ የቅኝቱ ውበት ከዚህ መጠጋጋትና መራራቅ ይመነጫል። ሚና ሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ባቲ ማይነር ይሆናል። የሚገርመው፣ የሮክና የብሉዝ ጊታሪስቶች በየአገሩ መጀመሪያ የሚለማመዱት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል በድምፆቹ ከዚሁ ከባቲ ማይነር አይለይም።

በነጮቹ ቁልፎች የሚጫወቱት ባቲ ሜጀር ግን ለሮክ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ብዙ የሮክ ዘፈን በሦስት ኮርዶች ይሄዳል፤ በዶ፣ በፋና በሶል። የፋ ኮርድ ላን ይፈልጋል፣ የሶል ኮርድ ሬን ይፈልጋል፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከቅኝቱ ሳይወጣ ዘፈኑን ማጀብ የፈለገ ባንድ ክብደቱን ተደጋጋሚ በሆነ የቤዝ መስመርና ዜማውን በኅብረት በሚነፉ ሳክስፎንና ትራምፔቶች ላይ መጣል አለበት። የኢትዮጵያን ባንዶች ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ባንዶች የለያቸው በእጃቸው የያዙት መሣሪያ ሳይሆን ይህ የቅኝት ግዴታ ነው።

ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራዎች ቀጥሎ የመጡት የግል ባንዶች ይህን አሠራር እስከ ጫፉ ወሰዱት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አይቤክስ ባንድ በ1975 ከድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ቀረጸ፤ አልበሙ በ1986 በቤልጂየም አሳታሚ አማካይነት አውሮፓ ገባ። ባንዱ በኋላ ሮሃ ተብሎ ተደራጅቶ የካሴት ዘመንን ድምፅ ሠራ። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሲጫወት ቆይቶ በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም አወጣ። በዚያ ውስጥ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» በ1998 ዘ ዳክታሪስ የተባለ የኒውዮርክ ቡድን መልሶ ተጫውቶታል።

በ1981 ዋልያስ ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ ከፊሉ በዚያው ቀሩ። ከእነሱም አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ፤ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠሩት ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም አቀፍ መድረክ ከፈተላቸው፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ።

ቡድን የወለደው የአዲስ አበባን ሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ ዘመናዊው የኦሮምኛ ሙዚቃም የሚነሣው ከቡድን ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ ከተቋቋመው አፍረን ቀሎ። ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ገና በልጅነቱ መድረክ የወጣው ከዚህ ቡድን ጋር ነበር።

ቅኝቶቹ ዛሬ ባሕር ማዶም ባለቤት አግኝተዋል። የአምስተርዳሙ ፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ በ2006 ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ቀረጸ። የፓሪሱ አካሌ ውቤ በ2017 ከግርማ በየነ ጋር አልበም ሠራ፤ ግርማ ለረጅም ጊዜ ከሙዚቃ ርቀው የቆዩ አንጋፋ ሰው ናቸውና ይህ ብቻውን ለፓሪሶቹ ትልቅ ምስጋና ያሰጣቸዋል። አገር ውስጥ ደግሞ ጃኖ ባንድ ጠንካራ የሮክ ጊታርን ከአገር ቅኝት ጋር አዋሕዶ በአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል የተሠራውን «ኤርታሌ» አልበም አቅርቧል። አልበሙ ስሙን የወሰደበት እሳተ ገሞራ የሚገኘው ባቲ በምትጎራበተው የአፋር ክልል ነው።

አምስተርዳምና ፓሪስ ለቅኝቶቻችን መድረክ ከሰጡ ባቲ ከተማ ይበልጥ ይገባታል። በሰኞ ገበያዋ ዋዜማ የከሚሴና የባቲ ወጣቶች ጊታርና ክራር ይዘው የሚወጡበት መድረክ ይዘጋጅላቸው።