ግብፅን ያሸነፍንባቸው ሁለት ሜዳዎች

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የቃና ዘገሊላ ማግሥት ነበር። በዚያ ቀን የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተደረገ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ብትመራም ቡድናችን እየደረሰባት 2 ለ 2 ሆኑ። በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ኳስ ገበያ ወጥቷል። የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ እንኳ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት በክፍያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ገዢ ሲመጣ ደግሞ መስፈርት ይከተላል፤ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ የመልበሻው ክፍል፣ የጋዜጠኛው ስፍራ ሁሉ ይመረመራል።

የባሕር ዳር ስታዲየም ለእኛ ለጎጃሞች ቅርባችን ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፍነው በዚያ ነበር፤ ከቡሬ በአውቶቡስ የሄዱ ዘመዶቼ አሁንም ያወሩታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደው። ጋናን በሜዳችን መግጠም ሲገባን ጆሃንስበርግ ሄደን ተጫወትን።

በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍናት። እኔም ፍኖተ ሰላም በአንድ ሻይ ቤት መግቢያ ከፍዬ፣ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ። ማታ ለአያቴ ብነግራቸው ደስ አላቸው።

«አዲስ አበባ ላይ ነው?» አሉኝ።

«የለም አባባ፤ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ።»

«ባለ ሜዳው ማን ነበር ታዲያ?»

«እኛ» አልኋቸው።