የወፍ ዋሻ ዘር

የመናገሻ ሱባ ደን ታሪክ የሚጀምረው ከዘር ጭነት ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንደሚለው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የወጨጫ ተራራ መራቆቱን አይተው ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጡና አስተከሉበት። በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በተራራው ጎን የቆሙት ጥዶች ጫፋቸውን ለማየት አንገት እስኪያም ቀና ያሰኛሉ።

ዘሩ የተነሣበት ቦታ ስሙ ራሱ ይናገራል። ከንጉሥ ትእዛዝ በፊትም በኋላም የጥድን ዘር ሲያጓጉዝ የኖረው ወፍ ነውና።

የጥድ ፍሬ ከሽምብራ አይበልጥም። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ላዩ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በጣት ሲጠርጉት ይለቃል፣ ሲፈርጥ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ወፍ ለሥጋው ብሎ ይውጠዋል፤ በውስጡ ያሉትን ጠንካራ ዘሮች ግን አይፈጫቸውም። ራቅ ብሎ ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፍ ከኩሱ ጋር ይጥላቸዋል። ዝግባ ሌላ ነው። ሲበስል ቢጫ የሚሆነው ፍሬው ትልቅ፣ የዘሩም ቅርፊት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ ትንሽ ወፍ አይችለውም፤ ጦጣ፣ የሌሊት ወፍና ምንቃረ ትልልቅ ወፎች ያስፈልጉታል። እነዚህ ከደኑ ከጠፉ ፍሬው እናቱ ሥር ወድቆ ይቀራል። ኮሶ ደግሞ ደቃቃ ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል።

እንጨት ቆራጭ የሚመርጠው ቀጥ ያለውን ግንድ ነው። ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶ፣ ዝግባ ለጣውላ፣ ዋንዛ ለበርና ለከበሮ ይፈለጋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። አንድ ሸለቆ ውስጥ ያሉት ሴት ዝግባዎች ቢቆረጡ፣ ወንዶቹ መቶ ዓመት ቢቆሙ እንኳ አንዲት ፍሬ አይወድቅም። ስለዚህ ስንት ዛፍ ተቆረጠ ከማለት ጋር የትኛው ዛፍ ቀረ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ዙሪያዋን ለማገዶና ለቤት ጨረሰች። የእንጨቱ እጥረት ምኒልክን በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ መናገሻ እስከ ማስጀመር አደረሳቸው። ከተማዋን ከመለቀቅ ያዳናት በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ እንዲህ አይደለም። ሲቆረጥ የሚተካው በዘሩ ብቻ ነው።

ሕግም ዘግይቶ መጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። መልካም አዋጅ ነበር፤ የጠበቀው ግን የቆመውን ዛፍ ነው። ሥሩ ያለው አፈር የራሱ ታሪክ አለው። የዕፅዋት ተመራማሪው ደመል ተክታይ በደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን ዘር ሲመረምሩ፣ የሚበዛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ሆኖ አገኙት፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች በአፈር ውስጥ የሚያቆዩት ዘር ጥቂት ነው። እናት ዛፎቹ ካለቁ በኋላ አፈሩ በራሱ ደን ያወጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ነው ማለት ነው።

የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ «የትኛው ዛፍ ቀረ» የሚለውን ጥያቄ ይዘው ወደ ደቡብ ጎንደር ቤተ ክርስቲያን ደኖች ሄዱ። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዘገቡ። ዙሪያው ሁሉ እርሻ በሆነበት አገር፣ ምእመናን «የታቦት ነው» ብለው ያልነኩት ጥግ የዘር ጎተራ ሆኖ ተገኘ። ጎተራው ግን ይነጥፍ ነበር። የወደቀውን ዘር አይጥና ነፍሳት ይበሉታል፤ ከዚያ ያመለጠውን ቡቃያ ሣር ፍለጋ የሚገባ ከብት ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል።

መፍትሔው ከገበሬው ማሳ ወጣ። ማረሻን የሚሰብረው ድንጋይ እየተለቀመ በየደኑ ዙሪያ ተካበ፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም አጥር አገኘ። ከብቱ ውጭ ቀረ። ወፉና ጦጣው ግን በካቡ ላይ እንደ ልባቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ በሆዳቸው የያዙትን ዘር ከካቡ ወዲህም ወዲያም ይጥላሉ። ወዲያ ማዶ የወደቀውን በነጋታው ማረሻ ይገለብጠዋል፤ ወዲህ የወደቀው ከወይራው ጥላ ሥር፣ በረገፈው ቅጠል መካከል ዝናብ ይጠብቃል።