ጨለማን ፍለጋ፦ የአማተር ኮከብ ተመልካቾች የበረሃ ጉባኤ ታሪክ

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃዎች፣ ጨረቃ ሠርቅ ሆና ሌሊቱ ፍጹም በሚጨልምባቸው ሳምንታት፣ በርካታ ሰዎች ቴሌስኮፖቻቸውን በመኪና ጭነው ከየከተማው እየወጡ በአንድ ሜዳ ላይ የሚሰበሰቡበት ልማድ አለ። ስብሰባው «ስታር ፓርቲ» በመባል ይታወቃል። ተሰብሳቢዎቹም አማተር የሥነ ፈለክ ተመልካቾች፣ ማለትም እንጀራቸው ከሌላ ሙያ ሆኖ የሰማይ አካላትን መመልከትን ያለ ክፍያ በፍቅር ብቻ የያዙ መምህራን፣ መካኒኮች፣ ሐኪሞች፣ ጡረተኞችና ተማሪዎች ናቸው። ልማዱ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ዕድሜ ሲኖረው፣ በዚህ ዘመን ውስጥ መልኩ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም ተለውጧል፤ ሲጀመር ሰዎቹን ያሰባሰባቸው የእጅ ሥራ ነበር፣ ዛሬ ግን የሚያሰባስባቸው በየቤታቸው ደጃፍ ያጡት ጨለማ ነው። ስለሆነም የስታር ፓርቲን ታሪክ መከታተል የሰው ልጅ የሌሊቱን ሰማይ እንዴት እንዳጣውና ከፊሉን ለማስመለስ እንዴት እንደተነሣ መከታተል ነው።

የልማዱ መነሻ በረሃ ሳይሆን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በቨርሞንት ግዛት የምትገኘው የስፕሪንግፊልድ ከተማ ናት። ስፕሪንግፊልድ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብረት በከፍተኛ ጥንቃቄ የሚቆርጡና የሚሞርዱ ማሽኖችን በሚሠሩ ፋብሪካዎች የታወቀች ስትሆን፣ ነዋሪዎቿም ልኬትን በፀጉር ስንጥቅ መለየት የለመዱ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1871 እ.ኤ.አ. በዚችው ከተማ የተወለደው ራስል ፖርተር ሥዕልና የሥነ ሕንፃ ጥበብ የተማረ፣ ወደ ሰሜን ዋልታ በተደረጉ የአሰሳ ጉዞዎችም የተካፈለ ሰው ነበር። በ1919 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በአንድ የማሽን ፋብሪካ ከተቀጠረ በኋላ፣ በ1920 አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ለሆኑ 15 ወንዶችና 1 ሴት የቴሌስኮፕ መስታወት አሠራር ማስተማር ጀመረ። በዚያ ዘመን በፋብሪካ የተሠራ ጥሩ ቴሌስኮፕ ዋጋው ከአንድ ሠራተኛ አቅም በላይ ስለነበር፣ ሰማይን በቅርብ ለማየት የፈለገ ሰው መሣሪያውን በገዛ እጁ ከመሥራት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ሥራው ትዕግሥትን የሚፈትን ነበር። ሁለት ወፍራም ክብ የመስታወት ገበታዎች ይደራረቡና በመካከላቸው ካርቦራንደም የተባለ ጠንካራ የመሞረጃ ዱቄት ከውሃ ጋር ይጨመራል፤ ሠራተኛው በበርሜል ዙሪያ ቀስ እያለ እየዞረ የላይኛውን ገበታ በታችኛው ላይ ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋ፣ ከብዙ ሰዓታት በኋላ የላይኛው እየጎደጎደ፣ የታችኛው ደግሞ እየጎበጠ ይሄዳል። ዱቄቱ በየደረጃው በይበልጥ በደቀቀ ይተካል፤ በመጨረሻም ቅጥራን በተቀባ ገበታ ላይ በቀይ የብረት ዝገት ዱቄት ይወለወላል። የመስታወቱ ቅርጽ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌዮን ፉኮ በ1850ዎቹ መጨረሻ ባስገኘው ዘዴ ነው፦ ከጠባብ ቀዳዳ የወጣ ብርሃን በመስታወቱ ላይ ነጥሮ ሲመለስ በምላጭ ጠርዝ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ በመስታወቱ ፊት ላይ የሚታየው ጥላ ከአንድ የብርሃን ሞገድ ርዝመት ክፍልፋይ ያልበለጠችን ጉድለት እንኳ አጉልቶ ያሳያል። መመርመሪያው እጅግ ስሱ ከመሆኑ የተነሣ ሠራተኛው አውራ ጣቱን በመስታወቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቢያሳርፍ፣ ከጣቱ ሙቀት ብቻ የተነሣው እብጠት እንደ ትንሽ ኮረብታ ሆኖ ይታያል፣ መስታወቱ ሲቀዘቅዝም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ከፍተኛ ትምህርት ያልቀመሰ ሠራተኛ በቤቱ ምድር ቤት ይህን ያህል የረቀቀ ነገር መሥራት መቻሉ የእንቅስቃሴው የመጀመሪያ ኩራት ነበር።

የፖርተር ተማሪዎች በ1923 የስፕሪንግፊልድ ቴሌስኮፕ ሠሪዎች የተሰኘ ማኅበር መሠረቱ፤ ከከተማዋ ወጣ ባለ ኮረብታ ላይም የማኅበር ቤት ሠርተው «ስቴላፌን» ብለው ሰየሙት፤ ስያሜው የከዋክብት ቤተ መቅደስ እንደማለት ነው። የሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት አዘጋጅ አልበርት ኢንጋልስ በ1925 ስፍራውን ጎብኝቶ ስለ ሰዎቹ ሥራ የጻፈው ጽሑፍ በአንባቢያን ዘንድ ያልተጠበቀ ፍላጎት በማሳደሩ፣ መጽሔቱ የመስታወት አሠራር መመሪያዎችን ተከታትሎ ማውጣት ጀመረ፤ በየግዛቱም ተመሳሳይ ማኅበራት ተቋቋሙ። በ1926 ክረምት በስቴላፌን የተደረገው የመጀመሪያው ጉባኤ ከየአካባቢው የመጡ ቴሌስኮፕ ሠሪዎች የእጅ ሥራቸውን ያሳዩበት፣ ቀን ስለ መስታወት የተወያዩበት፣ ሌሊት በየመሣሪያው በየተራ ያዩበት ነበር። ዛሬም ድረስ በየስታር ፓርቲው የሚሠራበት ሥርዓት ከዚያ የወረደ ሲሆን፣ የማንኛውም ሰው ቴሌስኮፕ ለሁሉም ክፍት ነው የሚለው ያልተጻፈ ሕግ የዚሁ ሥርዓት ምሰሶ ነው። ፖርተር ራሱ በ1928 ወደ ካሊፎርኒያ ተጠርቶ በፓሎማር ተራራ ለተተከለውና የመስታወቱ ስፋት 5 ሜትር ለሆነው ታላቅ ቴሌስኮፕ ንድፍ አስተዋጽኦ አድርጓል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አማተር ቴሌስኮፕ ሠሪዎች ለጦር መሣሪያ ማነጣጠሪያዎች የሚያስፈልጉ አስቸጋሪ የመስታወት ፕሪዝሞችን በየቤታቸው እየሠሩ አቅርበዋል።

ይሁንና በዚሁ ዘመን የሰማዩ ጨለማ ራሱ መሸርሸር ጀምሮ ነበር። ከሎስ አንጀለስ በላይ ባለው የዊልሰን ተራራ በ1917 ሥራ የጀመረው ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድዊን ሀብል አንድሮሜዳ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ጋላክሲ፣ ማለትም በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት ስብስብ፣ መሆኑን ያረጋገጠበት መሣሪያ ነው። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ግን ከመብራቶቿ ወደ ላይ የሚረጨው ብርሃን በአየር ውስጥ ባለው አቧራና እርጥበት እየተበተነ ሰማዩን ማደብዘዝ ጀመረ። ይህን ጉዳት ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደረገው ጦርነቱ ነው፤ የጠላት ጥቃት ተፈርቶ የሎስ አንጀለስ መብራቶች እንዲደበዝዙ በተደረገባቸው ሌሊቶች፣ ቫልተር ባዴ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በዚያው ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳን እምብርት አንድ በአንድ በተለዩ ከዋክብት ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት ቻለ፤ ውጤቱንም በ1944 አሳተመ። መሣሪያው ያው፣ ተራራውም ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠው ጨለማው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ተመልካቾች ፊታቸውን ወደ በረሃ አዞሩ። በረሃ ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ሦስት ነው፦ አየሩ ደረቅ በመሆኑ ደመናና ጭጋግ ያንሳሉ፤ ብዙው የምዕራብ አሜሪካ በረሃ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ብርሃኑን የሚያደበዝዘው የአየር ንጣፍ ይሳሳል፤ የሚጠጣ ውሃ ስለሌለም ሰውና መብራት ጥቂት ናቸው። መንገዱን የጠረጉት ሙያተኞች ነበሩ፤ የሎዌል የምርምር ጣቢያ በ1894 በአሪዞና ፍላግስታፍ ሲቋቋም፣ የቴክሳሱ የባንክ ባለቤት ዊልያም ማክዶናልድ በ1926 ሲሞት ሀብቱን በኑዛዜ በመተዉ ስሙን የያዘው የምርምር ጣቢያ በዴቪስ ተራሮች ላይ ተሠርቶ በ1939 ተመረቀ። ፍላግስታፍ በ1958 ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚረጩ ኃይለኛ መብራቶችን የሚከለክል ደንብ በማውጣት ስለ ሰማይ ብላ መብራትን የገደበች ፈር ቀዳጅ ከተማ ሆነች።

አማተሮቹ ወደ በረሃው ለመከተል ግን ትልቅ ሆኖ የሚጓጓዝ፣ ርካሽም የሆነ መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። ይህን ያስገኘው ጆን ዶብሰን በ1915 ቤጂንግ ውስጥ የተወለደ፣ በካሊፎርኒያ የቬዳንታ ገዳማት 23 ዓመት በምንኩስና የኖረና በ1967 ከገዳም የወጣ ሰው ነው። ዶብሰን ከመርከብ መስኮት የተገኘ መስታወት እየሞረደ፣ ለግንባታ አርማታ መሙያ የሚውል የካርቶን ቧንቧ እየተጠቀመ፣ ቴሌስኮፑን ወደ ላይና ወደ ጎን በሚዞር ቀላል የጣውላ ሳጥን ላይ አስቀመጠ። በሳጥኑ መዞሪያዎች ላይ የተለጠፉት ቴፍሎን የተባሉ አንሸራታች ፕላስቲኮች ከባዱን ቧንቧ በአንድ ጣት ለመግፋት ያስችላሉ። የፈጠራ መብቱን ለማስጠበቅ አንዳች ባለመጠየቁ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ማንኛውም ሰው ንድፉን እየቀዳ ቀድሞ በዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ይገኙ የነበሩ ስፋቶችን በቤቱ ይሠራ ጀመር። በርካሽ የተሠራ ትልቅ መስታወት ግን በከተማ ሰማይ ስር ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ የሚሰበስበው ከከዋክብቱ ብርሃን ጋር የመንገዱንም መብራት ስለሆነ ባለቤቱን ወደ ጨለማ ስፍራ ይገፋዋል።

በእነዚህ ምክንያቶች መገጣጠም የበረሃው ስታር ፓርቲ ተወለደ። ከሁሉ የታወቀው የቴክሳስ ስታር ፓርቲ በ1979 ዴቦራ በርድ በተባለች ሴት አነሳሽነት በዴቪስ ተራሮች ፓርክ ተጀምሮ፣ በ1982 በፎርት ዴቪስ አቅራቢያ ወዳለው የፕሩድ የከብት እርባታ ስፍራ ተዛወረ። ዝግጅቱ የሚካሄደው በጸደይ ሲሆን፣ ቀኑን የሚወስነው የጨረቃ ሠርቅ ነው። ተሳታፊዎች ከወራት በፊት የኮከብ ካርታ ዘርግተው የሚያዩአቸውን ጋላክሲዎች፣ ኔቡላዎች ማለትም የጋዝና የአቧራ ደመናዎችና የከዋክብት ክምችቶች በቅደም ተከተል ይመዘግባሉ፤ መስታወት ያጥባሉ፣ ባትሪ ያዘጋጃሉ፣ የአየር ትንበያም ይከታተላሉ። አንድ ዓመት ሙሉ የሚጠበቀው ሳምንት በደመና ሊያልፍ ስለሚችል ጉጉቱ ከሥጋት አይለይም።

የሜዳው ጥብቅ ሕግ ነጭ መብራትን የሚከለክለው ነው። የሰው ዓይን በጨለማ የሚያይባቸው ሕዋሳት ሮዶፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለማከማቸት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ በቅጽበት የበራ የመኪና መብራትም ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። እነዚሁ ሕዋሳት ለቀይ ብርሃን ደንታ ቢስ በመሆናቸው ተመልካቾች ካርታቸውን በደብዛዛ ቀይ የእጅ ባትሪ ያነብባሉ፤ ደካማ ጋላክሲ ሲገጥማቸውም ቀጥታ ከማየት ይልቅ ወደ ጎኑ ይመለከታሉ፤ ለጨለማ የሠሉት ሕዋሳት የሚበዙት ከዓይን መሐል ውጭ ነውና። በፎርት ዴቪስ ኬክሮስ፣ ከከተማ ርቆ ደቡቡን አድማስ የሚያይ ሰው በጸደይ ሌሊት ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን ግዙፍ ክብ የከዋክብት ክምችት ከአድማሱ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሊያየው ይችላል፤ ለቨርሞንት ሰዎች ግን ይህ ክምችት ከአድማስ በላይ አይወጣም። በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ደግሞ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ በረሃዎች «የሜሲየር ማራቶን» ይካሄዳል፤ ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲየር በ18ኛው ምዕተ ዓመት የዘረዘራቸውን፣ በኋላም ወደ 110 ከፍ ያሉትን የሰማይ አካላት ከምሽት እስከ ንጋት በአንድ ሌሊት ማየት ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ያፈራው ትልቁ ነገር ጨለማን እንደ ሀብት የሚቆጥር ማኅበረሰብ ነው። በ1988 በአሪዞና ቱሳን ከተማ አንድ ሙያተኛ የሥነ ፈለክ ተመራማሪና አንድ ሐኪም የሆነ አማተር ተመልካች፣ ማለትም ዴቪድ ክሮፎርድና ቲም ሀንተር፣ የዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ማኅበርን መሠረቱ። በ2001 አማተሩ ጆን ቦርትል የሰማይን ጨለማ በ9 ደረጃዎች የሚመድብ መለኪያ አሳተመ፤ በመለኪያው 1ኛው ደረጃ ፍጹም ጨለማ፣ 9ኛው የትልቅ ከተማ መሐል ነው። በ2016 የወጣ የዓለም ካርታ ጥናት ከሰው ልጅ ከሲሶ በላይ የሚሆነው፣ ከሰሜን አሜሪካ ነዋሪ ደግሞ 80 በመቶ የሚጠጋው ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ስፍራ ማየት እንደማይችል አሳየ። በ2022 ደግሞ የማክዶናልድን የምርምር ጣቢያ ጨምሮ በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ግራና ቀኝ ከ38,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው የቢግ ቤንድ አካባቢ ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የከዋክብት ሰማይ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከደጃፍ ወደ በረሃ የተሰደደው በተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ባልተከደኑና ወደ ላይ በሚረጩ መብራቶች ምክንያት ነው፤ ከሌሎቹ ብክለቶች በተለየም ይህኛው መብራቱ በተከደነበት ሌሊት ያበቃል። ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ የተተከሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ከከተማዋ ብርሃን ጋር ጎረቤት በመሆናቸው ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። ስለዚህ መንገድ የሚያበራ ማዘጋጃ ቤት፣ ሕንፃ የሚሠራ ባለሀብት፣ ግቢውን የሚያደምቅ ባለቤት ሁሉ መብራቱን ወደ ምድር ቢመልስ፣ ልጆች ፍኖተ ሐሊብን ለማየት በረሃ መሻገር ባላስፈለጋቸው ነበር።