ቆጥራ ያወቀችው ነርስ

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ነርሷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1854 ከ38 ነርሶች ጋር ኢስታንቡል ወዳለው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ሄደች። ቀን ከሌት ብትደክምም በዚያ ብርድ የወታደሩ ሞት ባሰ። በ1855 ከመንግሥት የተላኩ ሰዎች ከሕንፃው ሥር የታቆረውን ፍሳሽ ሲያስጠርጉ ሞቱ ቀነሰ።

አገሯ ተመልሳ መዝገቡን ስትቆጥር፣ ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሞተው እጅግ በዝቶ አገኘችው። የደከመችበት ሆስፒታል ራሱ ይገድል ኖሯል! አልደበቀችም፤ በ1858 ቁጥሩን በሥዕል አሳትማ አሳየች።

እኔም የማስታምማቸው እማማ ጀርባቸው ሲቆስል፣ ሐኪሙ «መቼ ጀመረ?» ቢለኝ መልስ አጣሁ። መድከሜን እንጂ ቁስሉን አላየሁም ነበር። አሁን ማታ ማታ አገላብጬ አያለሁ፤ በደብተር እጽፋለሁ። እናንተም ጻፉ።