ስም የሌላቸው ፊቶች፦ ስለ ታጣፊው የመስታወት ካሜራ

ከሞርሲቶ፣ ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ ለመጣን ተማሪዎች ስለ አያቶቻችን ዘመን የሚናገር ፎቶግራፍ አምጡ ብንባል ከቤታችን ግድግዳ ላይ አውርደን የምናሳየው የለንም ማለት ይቻላል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1939፣ የደቡብ ሰው መልክ የሚገኘው በአብዛኛው የውጭ አገር ተጓዦች ባሳተሟቸው መጻሕፍት ውስጥ ነው። እነዚያን መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው ሦስት ነገር ደጋግሞ ያያል። አንደኛ፣ ሰዎቹ እንደ ምሰሶ ደርቀው ይቆማሉ። ሁለተኛ፣ ፊታቸው ጠቁሮ ዝርዝሩ ጠፍቷል። ሦስተኛ፣ ከሥሩ የጎሣ ስም እንጂ የሰው ስም የለም።

ታዲያ አያቶቻችን እንዲህ ነበሩ? ኧረ በፍጹም! ከሦስቱ ሁለቱ የመሣሪያው ጠባይ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን የሰው ሥራ ነው። ይህን ለመለየት ዕቃውን ራሱን ማወቅ ይበጃል።

የዚያን ዘመን ተጓዥ ከሚመርጣቸው ካሜራዎች አንዱ ታጣፊው የመስታወት ካሜራ ነበር። ዋናዋ አገሩ ጀርመን ናት። በድሬስደን እ.ኤ.አ. በ1926 ኢካ፣ ኤርነማን፣ ጎርዝና ኮንቴሳ ኔትል የተባሉ ፋብሪካዎች ተዋሕደው ዛይስ ኢኮንን መሠረቱ፤ ማክሲማር የተባለው ታጣፊ ካሜራ የዚህ ድርጅት ነው። የብራውንሽዋይጉ ፎክትሌንደር ደግሞ አቩስና ቤርግሃይል የሚባሉትን ይሠራ ነበር። ካሜራው ሲታጠፍ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሌንሱ በሐዲድ ላይ ወደፊት ይሳባል፤ ከኋላው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተሸነሸነ ጥቁር ቆዳ ይዘረጋል። ኮምፑር የተባለው መዝጊያ ከአንድ ሙሉ ሴኮንድ እስከ 1/200ኛ ሴኮንድ ድረስ ብርሃን ያስገባል። ፎቶው የሚያርፈው በፊልም ጥቅል ላይ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ 9 በ12 ሳንቲ ሜትር በሆነ፣ መድኃኒት በተቀባ መስታወት ላይ ነው። አንድ መስታወት፣ አንድ ፎቶ። አለቀ።

አሁን ወደ አቋቋሙ እንምጣ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ያስቀምጥና ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በስተኋላ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ያያል። ሰውየው እዚያ ላይ የሚታየው ተዘቅዝቆ ነው። ምስሉ ከጠራ በኋላ ደብዛዛው መስታወት ይነሣና ፕሌቱን የያዘው የብረት መያዣ ይገባል፤ መዝጊያው ይወጠራል፤ መክደኛው ይመዘዛል። ከዚህ በኋላ ፎቶ አንሺው በሌንሱ በኩል ምንም አያይም። ተነሺው አንድ እርምጃ ቢጠጋ ወይም ቢርቅ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ «እንዳትነቃነቅ!» ይባላል። በሽቦ መመልከቻ እያነጣጠሩ በእጅ ይዞ ማንሣትም ይቻል ነበር፤ ግን አንድ መስታወት ማበላሸት ቀላል ኪሳራ ስላልነበረ ጥንቃቄው ይመረጣል። እንግዲህ የምናየው ድርቀት የሕዝቡ ጠባይ ሳይሆን የትእዛዙ ውጤት ነው። ከፎቶው በፊትና በኋላ ያ ሰው ይስቅ ነበር፣ ያወራ ነበር፣ ከብቱን ይጣራ ነበር።

ጥቁረቱም ምክንያት አለው። የዚያን ጊዜ ብዙው ፕሌት ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይቀበላል፣ ቀይ ብርሃን ግን አይሰማውም። በቀይ ፋኖስ ብርሃን የሚታጠበውም ለዚህ ነው። ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይመስላል፤ በጠይም ፊት ላይ ያለው ቀላ ያለ ወዝ ግን ለፕሌቱ ጨለማ ነው። በዚያ ላይ የደጋ ፀሐይ አናት ላይ ሲሆን የዓይን ጉድጓድ በጥላ ይሞላል። ጠይሙም ቀዩም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነው ይወጣሉ።

ሦስተኛው ነገር ግን በሌንስና በመድኃኒት አይመካኝም። በእነዚያ ዓመታት ወደ ደቡብ የዘለቁ ብዙዎች ናቸው። የካፑሲን ካህኑ አባ አዛይስ ከሮዤ ሻምባር ጋር የሶዶንና የሲዳማን ትክል ድንጋዮች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1931 ከነፎቶ ጥራዙ አሳተሙ። አዶልፍ የንሰን የመራው የፍሮቤኒየስ ተቋም ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1934 እና 35 ጌዴኦንና ኮንሶን አዳረሰ። በሆሳዕና አካባቢም ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሚሲዮኖች ነበሩ። የዘመኑ የጉዞ መጽሐፍ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የተራራው ስም ይጻፋል፣ የወንዙ ስም ይጻፋል፣ ሰውየው ግን «የእንዲህ ያለ ጎሣ ሰው» ተብሎ ይታለፋል።

ያው መስታወት አዲስ አበባ ላይ ስም አላጣም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሞት ሥራውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወረሱ። ከእነሱ ሌንስ ፊት የቆመ መኳንንት ስሙም ማዕረጉም ታውቋል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው ንግሥ የመጣው አሜሪካዊው ሮበርት ሙርም በመስታወት ላይ ባለ ቀለም ፎቶ አንሥቷል። መስታወት ስም ይውጣል እንዳንል፣ የትልቁን ሰው ስም አልዋጠም።

መሣሪያው ሲለወጥስ? ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ፤ ኪስ የምትገባ፣ 36 ፎቶ በአንድ ጥቅል የምታነሣ ካሜራ ናት። ድርቀቱ ቀረ። ነገር ግን አልፍሬድ አይዘንስታት እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ አገራችን መጥቶ ካነሣቸው ፎቶዎች እጅግ የታወቀው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። ለአገሩ ሊዋጋ የተሰለፈው ሰው ለዓለም የተዋወቀው በውስጥ እግሩ ነው። ፊት የለም፣ ስምም የለም።

ነገሩን የሚያሳዝነው ሕዝቡ ስም ጠባቂ መሆኑ ነው። የሐዲያ ሽማግሌ የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ እየቆጠረ ሲወርድ መስማት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ኡልሪክ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ ያሳተመው የሐዲያ ታሪክ እንኳ በአብዛኛው የቆመው እንዲህ ባለ የቃል ትውፊት ላይ ነው። ስምህ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ በመጽሐፍ ስናገኝ ድርቀቱን ለመቆሚያው፣ ጥቁረቱን ለፕሌቱ እንተው። የጎደለውን ስም ግን ለማንም አንተው። ለክረምት አገር ቤት ስንገባ ፎቶውን ለሽማግሌ እናሳይ፤ ሰውየው ባይታወቅ እንኳ አለባበሱ፣ ጌጡ ወይም ቦታው ሊታወቅ ይችላል። በየሣጥናችን ያሉት የቤተሰብ ፎቶዎች ጀርባ ላይም የሰውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ እንጻፍ። እነዚህን ነገ የሚያይ የልጅ ልጅ ደግሞ «የጎሣ ሰው» ብሎ እንዳያልፋቸው።